እሾኬ የሳቀችበት ጉሮሮ

ኑ እስቲ፣ ቁጭ በሉ። አንቺም በር ላይ አትቁሚ፣ ነፋሱ ይመታሻል፤ ጠጋ በይ፣ ቦታ አይጠፋም። የምነግራችሁ ነገር ረጅም አይደለም፤ ግን ቆመው የሚሰሙት ዓይነትም አይደለም። ስለ እሾኬ ነው። አዎ፣ ስለዚያችው ስለ ጃርቷ፤ ጠዋት ስለምትቀሰቅሳችሁ፣ ፊደል ስላስቆጠረቻችሁ፣ መርፌ ስትወጉ ስለምትስቅላችሁ። ታሪኳን እናውቀዋለን ልትሉ ነው። በየዓመቱ በልደቷ ቀን ያሳዩአችኋል፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ ያምራል። እዚያ ውስጥ የሌለ ነገር ግን አለ። ሳቋ የሰው ነበር። ኖላዊት የምትባል ሴት ነበረች፤ የእሷ ነበር።

ኖላዊት የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አጎቷ ኪሩቤል ገርጂ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል ካርቱን ይሥል ነበር። ያኔ ካርቱን የሚሠራ ጎልማሳ ሥራ ፈት ይባል ነበር። ኪሩቤል አንዲት ጃርት ሣለ፤ ፊቷ እንደ ድንች ክብ፣ ግንባሯ ላይ አንዷ እሾህ የተጣመመች። የተጣመመችው እጁ ስቶ ነው። ሊያስተካክላት ሲል መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ወደዳትና ተዋት። ጨዋታው አንድ ነው። ጃርቷ መንገድ ዳር ትቆምና «ማን ያቅፈኛል?» ትላለች። ፍየል ይመጣል፣ ያቅፋታል፣ ይወጋል፣ ይጮኻል፤ ጃርቷ ትስቃለች። ፖሊስ ይመጣል፣ ያቅፋታል፣ ይጮኻል፤ ትስቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሳቁን ኪሩቤል ራሱ ሞከረው። የሽማግሌ ሳል ሆነበት። አንድ ቀን እህቱን ሊጠይቅ ሲሄድ መቅጃውን ይዞ ሄደ። በዚያ ዘመን ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ሰው የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባበት ጋቢ ተከናንቦ ነበር የሚቀዳው። ትንሿን ኖላዊትን ጋቢው ውስጥ አስገባት፣ እቅፍ አደረጋትና «ዋይ! ዋይ! ወጋሽኝ!» እያለ ተንፈራገጠ። ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ መጀመሪያ እንደ ስቅታ ያዝ ያደርጋታል፤ ከዚያ ሽምብራ ሲሚንቶ ላይ እንደተደፋ ይንከባለላል፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሿን «ህእ!» ብላ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። እናቷ ጓዳ ሆና ሰምታው ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ አብራ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ልጆች እሾኬን ካላየን አንበላም አሉ። ቀጥሎ ካላየን አንተኛም አሉ። አንድ ትልቅ ድርጅት መጣና ገዛት፤ ጃርቷን ከነሳቋ፣ ሳቋን ከነምንጩ። ኪሩቤል «ምንጩ» የተባለው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ደስ ብሎት ነበር።

እሾኬ እጅ መታጠብ አስተማረች። ከዚያ ፊደል አስተማረች። መምህራኑ ሲቀነሱ ክፍሉን እሷ ያዘችው። በእሷ ያደጉት ልጆች አድገው ወለዱ፤ ለልጆቻቸውም እሷኑ ሰጧቸው። ጤና ጣቢያ ገባች፣ ቀበሌ ገባች፣ አውቶብስ ላይ ወጣች። ሳቋን በማሽን ሊሠሩት ሞክረው ነበር። ትልልቆቹ ልዩነቱን አልለዩትም፤ ሕፃናቱ ግን ፊታቸውን አዞሩ። የተቀዳውም ቢሆን በየቦታው ሲሰማ፣ ሲሰማ ይደርቃል። እሾኬ ስትስቅ ሕፃናት ቀና ማለት ካቆሙ ሳቁ ደርቋል ይባላል። ያኔ ወደ ምንጩ ይኬዳል።

ኖላዊት አሥራ ስድስት ሲሞላት ሁለት ሰዎች ቤቷ መጡ። ትሁቶች ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

«ድምፅሽ ያንቺ ነው» አሏት። «እንደልብሽ ተናገሪ፣ ዘምሪ፣ አልቅሺ። ሳቅሽ ግን የእሾኬ ነው። ከቀረጻ ውጭ ከሳቅሽ ሰረቅሽ ማለት ነው።»

በየጣሪያው ያለችው የሸሚዝ ቁልፍ የምትመስል ነጭ ነገር፣ እናንተ ጆሮ የምትሏት፣ ያኔም ነበረች። ለእሳትና ለሌባ ነበር የተገጠመችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሳቅም ሆነች። የኖላዊትን ሳቅ ከሰማች ቀይ ትበራለች። መጀመሪያ ስትበራ ሦስት ወር አንገትጌ ይታሰራል፤ ጉሮሮ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሚነድፍ አንገትጌ። ሁለተኛ ስትበራ የቀረው ሳቅ ሁሉ ይቀዳና ጉሮሮው ይዘጋል።

ኖላዊት ለመደችው። ከንፈሯን ወደ ውስጥ መሳብ ተማረች። ሰው ቀልድ ሲጀምር ውሃ ልጠጣ ብላ መነሳት ተማረች። ለቅሶ ቤት ደህና ነበረች፤ ሠርግ ቤት ግን ከድንኳኑ ውጭ፣ መኪናዎቹ ጋ ነበር የምትቆመው። ሰው ኮስታራ አላት። ኩሩ አላት። ምን ታድርግ?

የራሷ ሠርግ ላይ ግን ውጭ መቆም አልቻለችም።

ያገባችው ባሮክ የሚባል የአውቶብስ ሹፌር ነበር፤ መሪ በእጃቸው ከያዙት ከመጨረሻዎቹ አንዱ። የባሮክ ሳቅ በብርድ ጠዋት አልነሳም እንዳለ ሚኒባስ ነው፤ «ኽ… ኽ… ኽ…» እያለ ይታገላል፣ አሁን ተነሳ ሲባል ይጠፋል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሠርጋቸው ቀን ሚዜው ኬኩን ተሸክሞ ሲመጣ የራሱን ሱሪ ረግጦ ከነኬኩ አማትየው ጭን ላይ ዘፍ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኖላዊት ከንፈሯን ስባ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ቻለችው። ቀጥሎ ባሮክ «ኽ… ኽ…» ማለት ጀመረ። አልነሳ አለው። ኖላዊት ያንን አልቻለችም። ሳቀች። የአዳራሹ ጆሮዎች አንድ በአንድ ቀሉ።

ጫጉላዋን በአንገትጌ አሳለፈች።

«ሁለተኛ ፊትሽ አልስቅም» አላት ባሮክ። ቃሉንም ጠበቀ። የሚያስቀው ነገር ሲመጣበት ደረጃውን ሮጦ ይወርድና አውቶብሱ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ኖላዊት ከላይ በመስኮት ታያለች። ሰውየው አይታይም፤ አውቶብሱ ግን ቆሞ ይነቃነቃል።

ኤዶምን ወለዱ። የምንጩ ዘር የሆነ ልጅ ሁሉ ስድስት ሲሞላው ይፈተናል። ኤዶም ገና በመጀመሪያው ቀልድ ሳቀች፤ ያዝ አደረጋት፣ ተንከባለለ፣ «ህእ!» አለች። እናቷን ራሷን። ጣሪያው ላይ ያለችው ጆሮ ቀላች። ፈታኞቹ አጨበጨቡ።

አንድ ክረምት ሙሉ ድርጅቱ ቤት አቆዩአት። ቤቱ ጥሩ ነበር ይባላል፤ አሻንጉሊት ሞልቶበታል፣ የምትፈልገውን ትበላለች። በየቀኑ ይኮረኩሯታል። ሳቁ ሲቀጥን አንዱ ኮርኳሪ ይወጣና ሌላ ያልደከመ ይገባል። ወደ ቤት ስትመለስ ጉሮሮዋን መዝጋት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ አልቆ ነበር። ባሮክ በር ላይ ተቀብሎ ሊያቅፋት ሲል ወደ ኋላ ዘላ ጭንቅላቷ ከግድግዳው ተጋጨ። ከዚያ በኋላ ባሮክ ወደ አውቶብሱ አልወረደም። የሚያስወርደውም አልመጣለት። ሲሞት ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ።

ኤዶም አድጋ ሴት ልጅ ወለደች። የጥንት ስም እንደገና የተወደደበት ጊዜ ነበርና ሸዋዬ አለቻት። ሥራዋ አዳማ ስለሆነ ሕፃኗን ለእናቷ ተወችላት፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ትመጣና ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇን ታያለች። እጆቿን ጭኗ ስር አድርጋ ነው የምታየው። ልጇን መንካት ትፈልጋለች፤ ልጇ ስትነካት ምን እንደምትሆን ግን ታውቃለች።

«እማ» አለቻት አንድ እሁድ። «ይቺን አይወስዷትም። የፈለግሽውን አድርጊ፤ ግን አይወስዷትም።»

ኖላዊትም አደረገች።

ሸዋዬ ገና የወራት ልጅ ሆና መጋረጃው በነፋስ ሲነፋ አየችና አፏን ከፈተች። ድድ ብቻ። ጉሮሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ሊንቀሳቀስ ሲል ኖላዊት የውስጥ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ሕፃኗ በድንጋጤ ዝም አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። ማልቀስ ይፈቀዳል። ኖላዊት አንስታ ደረቷ ላይ አስተኛቻት፣ እሹሩሩ አለቻት፣ አብራትም አለቀሰች። በማግስቱ ድመት ስታዛጋ አይታ አፏን ከፈተች። ቆነጠጠቻት። ሕፃን ስንት የሚያስቀው ነገር አለው መሰላችሁ! ማንኪያ ይወድቃል፣ ሰው ያስነጥሳል፣ የራሷ እግር አፏ ውስጥ ይገባል። ለሁሉም ቁንጥጫ ነበር።

«እማ፣ ምናልባት የኛ ባይሆንስ ሳቋ?» አለች ኤዶም በሌላ እሁድ። «አንድ ጊዜ አስቀናት ብናየውስ?»

ኖላዊት ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «ቢበራስ?»

ጆሮ የሌለበት ሄደው እንዳይሞክሩ ጆሮ የሌለበት ቦታ አልነበረም፤ ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይም ነበር። ነገሩ ሁለተኛ አልተነሳም።

ሸዋዬ አራት ሲሞላት ኖላዊት ከፊቷ ተንበርክካ እጇን ያዘቻት። «ከእንግዲህ ትልቅ ልጅ ነሽ፤ እኔ አልቆነጥጥሽም። አፍሽ ሊከፈት ሲል አንቺው ራስሽን ትቆነጥጫለሽ። እዚህ ጋ፣ ውስጥ ውስጡን። ቀሚስ ይሸፍነዋል።»

«እሺ እምዬ» አለች ሸዋዬ። አያቷን እምዬ ነው የምትላት። «ጠንከር አድርጌ?»

«ጠንከር አድርገሽ።»

የግቢው ልጆች «ድንጋይ ሸዋዬ» ይሏት ነበር። ተራ ገብተው ሊያስቋት ይሞክራሉ። አንዱ እንደ በግ ይጮሃል፤ አንዱ ምላሱን አፍንጫው ላይ ለማድረስ ይታገላል። አንድ ቀን አንዱ ደፋር ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ቂጡን አሳያትና ሮጠ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሸዋዬ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ከታ ቆማ አየችው።

«ቀበቶ የለህም እንዴ?» አለችው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሶልያና ከበረንዳዋ ይህን አይታ ኖላዊትን ጠራቻት። «እማማ ኖላ፣ ይቺን ልጅ ሐኪም ያሳዩአት እንጂ! ልጅ ሲስቅ ነው የሚያድገው።»

«ደህና ነች።»

«እርስዎም እኮ አይስቁም! ከማን ትማረው?»

«ደህና ነች አልኩሽ ልጄ» አለች ኖላዊት፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች።

አውቶብስ መሳፈሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያኔም እንደዛሬው ነበር። በሩ ላይ እሾኬ አለች፣ ሆዷ ለስላሳ። «ማን ያቅፈኛል?» ትላለች። ታቅፋታላችሁ፤ ጡታችሁ አጠገብ ጥቂት ትወጋችኋለች፤ በደማችሁ ታውቃችኋለች፤ ትስቃለች፤ በሩ ይከፈታል። ኖላዊት ያንን በር ዕድሜዋን ሙሉ አቅፋዋለች። በተወጋች ቁጥር የምትስቀው እሷው ራሷ ነች፤ የአራት ዓመቷ ኖላዊት፣ ጋቢው ውስጥ። የኤዶም ሳቅ ሲገባበትም ያው ነበር፤ በሩ ላይ የምትስቀው ልጇ ሆነች።

«እምዬ፣ ይቺ ጃርት ለምንድን ነው የምትስቀው?» አለች ሸዋዬ አንድ ቀን፣ ወንበር ይዘው ሲቀመጡ ደረቷን እያሸች።

«ስላቀፍናት።»

«ስለወጋችን ነው» አለች ሸዋዬ። ቀጠለችና፣ «ድምፁ የማን ነው?»

«የአንዲት ልጅ።»

«የት ነች አሁን?»

ኖላዊት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «አደገች» አለች።

ከኋላቸው አንዲት እናት ያዘለችው ሕፃን ነበር። እሾኬ ለሚቀጥለው ተሳፋሪ ሳቀች። ሕፃኑ ቀና አላለም፤ የእናቱን ነጠላ ጫፍ እየመጠጠ ዝም አለ። ኖላዊት ይህን አየች። የኤዶም ሳቅ መድረቁ ነበር።

ሸዋዬ ስድስት በሞላት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ኤዶም ልትመጣ አልቻለችም፤ አዳማ ሆና ስልኳን ጨብጣ ትጠብቅ ነበር። የመጣው አንድ ሰው ነው፤ ወጣት፣ ፊቱ ብሩህ፣ በአንድ እጁ ሻንጣ በአንድ እጁ የኬክ ካርቶን የያዘ።

«እማማ፣ እንደምን አረፈዱ? ናሆም እባላለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። «እርስዎን በአካል ማየቴ… ምን ልበልዎት፣ በእርስዎ ነው ያደግኩት እኮ። እናቴ ስትሞት ያባበለኝ የእርስዎ ሳቅ ነው።»

«ግባ ልጄ» አለች ኖላዊት።

ናሆም ከሸዋዬ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጎበዝ ነበር፤ ለልጅ የተፈጠረ ሰው ነው። ኬኩን ሊቆርስ ሲል በአፍንጫው ተደፋበት፤ ቀና ሲል ጺም አወጣ። ሸዋዬ አየችው። ተነስቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ በተቀመጠበት ቁጥር ፈስ የሚፈሳ ሆነ፤ ወንበሩን ገሠጸው፣ ይቅርታ አስጠየቀው፣ ወንበሩ ይቅርታውን ሲጠይቅ ደግሞ ፈሳ። ሸዋዬ አየችው። አንደኛው እጇ ቀሚሷ ውስጥ ነበር። ኖላዊት ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆና ያንን እጅ ብቻ ነበር የምታየው። ክንዷ ላይ ያለው ጅማት ሲወጠር ታየዋለች።

ናሆም ከሻንጣው የእሾኬን አሻንጉሊት አውጥቶ እጁ ላይ አጠለቀ። «ማን ያቅፈኛል?» አለች እሾኬ። አቀፋት። «ዋይ!» ብሎ ዘለለ፣ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጨ፣ ቁም ሣጥኑን አቀፈው፣ «አንተም ወጋኸኝ!» አለው። በበረንዳው በኩል የሚያዩት የግቢው ልጆች ድምፃቸው እስኪጠፋ ሳቁ። ሸዋዬ አልሳቀችም። ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻ ጓንት አጠለቀ። «ይቅርታ ሸዋዬ፤ ይሄ ደንብ ነው» አለና ኮረኮራት። ብብቷን፣ አንገቷን፣ የእግሯን መዳፍ። ትንሹ ሰውነቷ እንደ አሳ ተንፈራገጠ። አፏ ተከፈተ። አፏ ተዘጋ። የቀሚሷ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ፤ ቀሚሱ አበባ አበባ ስለሆነ አልተለየም።

ናሆም ጓንቱን አወለቀ። ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለችውን ነጭ ጆሮ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ደረቅ ነች» አለ። ቅር ብሎት ነበር፤ ከልቡ። «እማማ፣ ዘርዎ እዚህ ላይ ቆመ ማለት ነው። ምን እንደምናደርግ እንጃ። ሕፃናቱ እኮ ቀና ማለት አቁመዋል።» የሸዋዬ እጅ ጀርባ ላይ አረንጓዴ ምልክት አተመባት። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይጠይቅሽም። ነፃ ነሽ፤ እንደልብሽ።»

ሻንጣውን አነሳ። ሊፍቱ ከቆመ ሰነባብቷልና በደረጃው ወረደ። ኖላዊት በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«እምዬ» አለች ሸዋዬ። «አሁን ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«መሳቅ?»

«መሳቅ፣ የኔ እናት። እስክትጠግቢ።»

ሸዋዬ አሰበች። ኬኩን አየች። የናሆምን ወንበር ሄዳ ተጫነችው፤ ወንበሩ ሰው የለበትምና ዝም አለ። «እንዴት ነው የሚጀመረው?» አለች።

ኖላዊት ይህን ስትሰማ ምን እንደሆነች አልነግራችሁም። ተነሳች፣ ከአልጋው ላይ ጋቢውን ሳበችና ተከናነበች፣ ልጅቷን ጋቢው ውስጥ አስገባቻት። ጨለመ። ያ የድሮው የጥጥ ሽታ ነበር። እቅፍ አደረገቻትና «ዋይ! ዋይ! ወጋሽኝ!» አለች፣ ተንፈራገጠች፣ ያረጀ ወገቧ እየጮኸ።

መጀመሪያ ዝም። የልጅቷ እጅ ወደ ጭኗ ሲሄድ ኖላዊት ያዘችውና ከለከለችው።

ከዚያ ከሸዋዬ ደረት ውስጥ አንድ ነገር ተነሳ። «ኽ» አለ። ቆመ። «ኽ… ኽ…» አለ። ታገለ። አሁን ሊነሳ ነው ሲባል ጠፋ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። «ኽ… ኽ… ኽ…»

ሽምብራ የለበትም። መንከባለል የለበትም። «ህእ!» የለበትም። በብርድ ጠዋት አልነሳም ያለ ሚኒባስ ነበር። የባሮክ ሳቅ ነበር፤ ቁርጥ ባሮክ፣ በስድስት ዓመት ሴት ልጅ ጉሮሮ። ጣሪያው ላይ ያለችው ጆሮ ነጭ እንደሆነች ቀረች። ሸዋዬ ብትስቅ ኖሮ ጆሮዋ ዱሮም አትበራም ነበር። መጋረጃው ሲነፋ ስትስቅ፣ ድመቷ ስታዛጋ ስትስቅ፣ ማንኪያ ሲወድቅ ስትስቅ፣ አንድም ቀን አትበራም ነበር።

ኖላዊት ይህ ገባት። ሁሉም፣ አንዱም ሳይቀር፣ ጋቢው ውስጥ ገባት። የቆነጠጠችበት ጣቷ አመማት።

ልጅቷ ግን አላቆመችም። አልነሳ አላት። ታገለች፣ ጠፋባት፣ አኮረፈች፣ እንደገና ሞከረች፤ እንዴት እንደሚጀመር አሁን አውቃለቻ! ኖላዊት ባሏን ከቀበረች በኋላ ያንን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ለማንም ቀልድ ተሸንፋ አታውቅም። ለዚህ ግን፣ ለዚህ አንድ ነገር፣ ጥንትም መድኃኒት አልነበራትም። ከንፈሯን ሳበች። ያዝ አደረጋት። ከዚያ ተንከባለለ፤ ሽምብራው ሲሚንቶው ላይ ተደፋ፣ ተደፋ፣ ተደፋ፤ «ህእ!» አለች።

ጋቢው ስስ ነበር። ቀዩ ብርሃን በጥጡ ውስጥ አልፎ የሁለቱንም ፊት አቀላው።

ደረጃው ላይ ይወርድ የነበረው ኮቴ ቆመ። ቀጥሎ ወደ ላይ መጣ፤ እየሮጠ። ናሆም በሩን ሲከፍት እየሳቀ ነበር። ሊያቆመው አልቻለም፤ እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ የበሩን መቃን ተደግፎ ይስቃል።

«እማማ… ይቅር ይበሉኝ… እንዴት… እንዴት ያምራል! ምንም አላረጀም እኮ! ዕድሜ ልክዎን አስቀምጠውት!»

«ልጅቷን እንዳትነኩ» አለች ኖላዊት።

«ልጅቷማ ነፃ ነች፣ ምልክቷ እጇ ላይ ነው» አለ ናሆም። ወደ ሸዋዬ ዞሮ በፍቅር ፈገግ አለ። «ደግሞ እንዲህ ያለውን ሳቅ ማን ይፈልገዋል?»

ኖላዊትን አንድ ክረምት አቆዩአት። ቤቱ ጥሩ ነበር ይባላል። ስትመለስ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር፤ ከሳቁ ጋር ንግግሩም ሄደ። በመስኮቱ አጠገብ፣ ዱሮ አውቶብሱ ሲነቃነቅ ታይበት የነበረው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሸዋዬ ትመጣና አፏን የአያቷ ጆሮ ላይ ለጥፋ ትስቅላታለች። «ኽ… ኽ… ኽ…» ኖላዊት ዓይኗን ትጨፍናለች። ሸዋዬ ከመሳቋ በፊት ግን እጇ አሁንም ወደ ጭኗ ይሄዳል፤ ሄዶ ነው የሚመለሰው።

የዚያን ዓመት የእሾኬ ሳቅ አዲስ ሆነ። ሕፃናቱ እንደገና ቀና አሉ። ድርጅቱ በልደቷ ቀን ይህ ሳቅ «ከዓለም ሕፃናት ሁሉ ደስታ» የተሠራ ነው አለ፤ እናንተም እንደዚያ ነው የተማራችሁት።

ሸዋዬ አውቶብስ ስትሳፈር በሩን ከሰው ሁሉ አስበልጣ ታቅፈው ነበር። ትወጋለች፣ እሾኬ ትስቃለች፣ በሩ ይከፈታል፤ እሷ ግን አትገባም፤ ጉንጯን ለስላሳው ሆድ ላይ አጣብቃ ትቆማለች። ሰልፉ ከኋላ ይንጫጫል። «ኧረ ግቢ፣ አንቺ ልጅ!» ይሏታል። «እማማሽ መሰለችሽ እንዴ?»

እንግዲህ ይኸው ነው ልጆቼ። ነገ ጠዋት እናንተም ያንን በር ታቅፋላችሁ፤ እቀፉት፣ ሌላ መሳፈሪያ የለም። ስትወጋችሁና ስትስቅ ግን ኖላዊት በሏት። ጮክ ማለት አያስፈልግም፣ በሆዳችሁ ይበቃል፤ ጆሮዋ ሳቅ እንጂ ስም አትቆጥርም። ኖላዊት። አደራ፣ እንዳትረሷት።